ሲስተር ጽጌና የሸምበቆው መንገድ

ሲስተር ጽጌ ዐረፉ። ለረጅም ዘመን በኖሩባት አዳማ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ጥቂት ቀን ታመው፣ ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነፍሳቸው ወጣች። ቀብራቸውም በማግሥቱ ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት ተፈጽሟል። በእጃቸው የተወለዳችሁ፣ በእጃቸው የተከተባችሁ፣ በሥራ አብራችኋቸው የደከማችሁ፣ እንዲሁም በአዳማ አስፋልት ዳር ብስክሌታቸውን አቁመው የቤተሰባችሁን ደኅንነት አንድ በአንድ ሲጠይቋችሁ «እኚህ ሴትዮ መቼ ይሆን የሚለቁኝ» ብላችሁ በሆዳችሁ ያጉረመረማችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

በወጉ ቢሆን እስከ አርባቸው መታገሥ ነበረብኝ። ቤተ ዘመድ በአርባው ዕለት ስለ ሥራቸው እንድናገር ጠይቆኝ እሺ ብዬ ነበር። ነገር ግን ከቀብር ተመልሼ ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም። እቀመጥና እነሣለሁ፤ ደጅ እወጣና ምን ፈልጌ እንደ ወጣሁ ይጠፋኛል። ባለቤቴ «ወይ ተኛ ወይ ሂድ» ብላ ተቆጥታኛለች፤ እውነቷን ነው። ምክንያቱ ሐዘኑ ብቻ አይደለም። ሲስተር ጽጌ «አንዲት ሕፃን በእኔ ጥፋት ሞተች» ብለው ግማሽ ዕድሜያቸውን ሲንገበገቡ እንደ ኖሩ ከምናውቅ ጥቂት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። በቀብራቸው ላይ ደግሞ የዚያች ሕፃን እናት መጥተው ነበር። የነገሩኝ ነገር ነው አላስቀምጥ ያለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ሲስተር ጽጌ የወንጂ ልጅ ናቸው። አባታቸው ከመንዝ ወርደው በስኳር ፋብሪካው አገዳ መጭመቂያ ክፍል ተቀጥረው ሰባት ልጆች አሳድገዋል። በዚያ ዘመን ወንጂ ላይ ብስክሌት የሌለው ቤት ድስት እንደሌለው ቤት ነበር። ሆኖም ብስክሌት የወንድ ነበረ። ጽጌ የአባታቸውን ብስክሌት አባታቸው ከሥራ ተመልሰው ሲያሸልቡ እየሰረቁ፣ በአገዳው መካከል በሚያልፈው የመስኖ ቦይ ዳር ዳር መንዳት ተማሩ። መንገዱ የአንድ ሰው ስፋት ብቻ ያለው ስለ ነበር ያጋደለ ሰው ማረፊያው ውኃ ውስጥ ነው። «እኔን ብስክሌት ያስተማረኝ ፍርሃት ነው» ይሉ ነበር፤ ሲሉም ይስቁ ነበር። ጎረቤት «ይቺ ልጅ ባል አታገኝም» ብሎ አማ። ባል አገኙ፣ ደግ ሰው፤ ነገር ግን እሳቸውም ቢሆኑ ሚስታቸውን ቁጭ ብላ አግኝተዋት እንደማያውቁ እስኪሞቱ ድረስ ይናገሩ ነበር።

እኔ ያወቅኋቸው ዝዋይ ነው፤ በደርግ ጊዜ። እሳቸው የጤና ጣቢያው ነርስ፣ እኔ አዲስ የተመደብኩ የጤና ረዳት። አጠር ያሉ፣ ቀልጠፍ ያሉ፣ መነጽራቸውን ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር ያሰሩ፣ ከነጭ ካፖርታቸው ሥር ሱሪ የለበሱ ሴት ሆነው አገኘኋቸው። ስሜን ጠየቁኝና ገዛኸኝ መሆኔን ስነግራቸው ሁለተኛው ጥያቄያቸው «ብስክሌት ትችላለህ?» የሚል ነበር። እችላለሁ አልኩ። ያቺን ቃል ብዙ ጊዜ ተጸጽቼባታለሁ።

ነዳጅ በራሽን በሆነበት ወቅት የጤና ጣቢያው ላንድሮቨር ግራር ሥር ቆማ ዶሮ እንቁላል ትጥልባት ጀመር። ክትባት ግን ወደ ገጠር መውጣት አለበት። አለቆቻችን በየስብሰባው «በአብዮታዊ ቆራጥነት» እንድንሠራ ያሳስቡናል እንጂ ነዳጅ አይሰጡንም። ሲስተር ጽጌ ስብሰባው ላይ እጃቸውን አውጥተው ቆራጥነቱ እንዳለ፣ የጎደለው ሁለት ብስክሌት ብቻ መሆኑን ተናገሩ። ሰዉ ሊስቅ ፈልጎ ፈራ። ሁለት ጥቁር፣ እንደ አህያ የከበዱ ብስክሌቶች መጡልን። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የእኔ።

መንገዱን ላላያችሁት ልንገራችሁ። መንገድ ስላችሁ የተጠረገ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዝዋይ ከተማ ወጥቶ በሐይቁ ዳር ዳር፣ በሸምበቆና በደንገል መካከል፣ አንዳንዴ በደረቅ ሣር ላይ፣ አንዳንዴ በሁለት ረግረግ መካከል እንደ መቀነት በቀጠነ ጉብታ ላይ የሚሄድ የእግር ዱካ ነው። የአገሩ ሰው ሐይቁን «ባሕር» ነው የሚለው። ክረምት ባሕሩ ሲሞላ መንገዱን ይውጠዋል፤ መስቀል አልፎ ውኃው ሲሸሽ መንገዱ ይወጣል፣ ግን አምና በነበረበት አይወጣም። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሲስተር ጽጌ ቀድመው ይሄዱና መስመሩን እንደ አዲስ ይፈልጉታል። ከብት የረገጠውና የደረቀው ላይ ይነዳሉ። ከዚያ ጎን ለጎን ሰፊና ለስላሳ መተላለፊያ ሸምበቆውን ሰንጥቆ ይታየኛል፤ እኔም በዚያ እንሂድ እላለሁ። «የጉማሬ ነው» ይሉኛል፤ «ጉማሬ መንገድ የሚሠራው ለራሱ ነው።» አንድ ቀን አልሰማ ብዬ ገባሁበት። ባለቤቱ ቤት ነበረ። ብስክሌቱን ጥዬ የሮጥኩትን ሩጫ እስከ መጨረሻው ያስታውሱኝ ነበር።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ቡልቡላና ወደ አቢያታ ሲወረድ ደግሞ አገሩ ሌላ ነው። እዚያ የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ አለ። የሐይቁ ዳር በሶዳ ጨው ነጥቶ ዓይን ይወጋል፤ ጎማ ይሰምጣል፤ ፍላሚንጎዎች ውኃው ላይ ተኮልኩለው ይለቅማሉ። ሲስተር ጽጌ እዚያ ሲደርሱ ሁልጊዜ ከኮርቻው ወርደው ብስክሌቱን እየገፉ በዝግታ ያልፉ ነበር። መንጋው እንዳይነሣ ነው። «የሚበላ አይረበሽም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ለወፍ ብሎ በዚያ ጠራራ ፀሐይ በእግር መሄድ አይዋጥልኝም ነበር። እሳቸው ግን በችኮላ የተፈጠሩ ሆነው ሳለ ለሌላው ሰላም ሲሉ ችኮላቸውን በልጓም ይስቡት ነበር። ይህን የምለው ቀጥሎ የሚመጣው እንዲገባችሁ ነው።

በዚያ በባሕሩ ዳር አገር ፈረሰኛ ሰው በመንገድ ሽማግሌ ካጋጠመው ከፈረሱ ይወርዳል። ሳይወርድ ሰላም ያለ ሰላም እንዳላለ ይቆጠራል። ብስክሌትም በአገሬው ዓይን ፈረስ ነው። ሲስተር ጽጌ ይህን ከእኔ ቀድመው ተረድተው ነበር። ሽማግሌ ገና ከሩቅ ሲያዩ ፍሬን ይይዛሉ፤ ይወርዳሉ፤ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደሩ፣ ይላሉ። የወንጂ ኦሮምኛቸው ፈጣን ነበር፤ ለሰላምታ ሲሆን ግን ይዘገያል። ከብቱ ደኅና፣ ልጆቹ ደኅና፣ ሣሩ ደኅና፣ ዝናቡ ደኅና። እኔ ከኋላ ቆሜ ትንኝ እያባረርኩ ስንት ከብት ያላቸውን ሰው ልናገኝ ነው ዛሬ እያልኩ እቃጠላለሁ። በምላሹ ግን አገሩ በሙሉ የእሳቸው ነበር። ለአንዷ መርፌና ክር፣ ለአንዱ የራዲዮ ባትሪ፣ ለዓይነ ስውሯ አሮጊት ጨው ከከተማ ይዘው ይመጣሉ፤ የኋላ መጫኛቸው ተንቀሳቃሽ ሱቅ ነበር። እሾህ የወጋውን እረኛ ጭቃ ላይ ተንበርክከው እግሩን ሲያክሙ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚያው በጨቀየ ሱሪ ደግሞ ስብሰባ ገብተው ለምን ልብሳቸው እንደ ቆሸሸ ሲጠየቁ ከሰፊው ሕዝብ ጋር ስለ ነበርኩ ነው ብለዋል።

እንግዲህ ዓርብ ቀን ነው። ከባሕሩ ዳር መንደሮች ባንዱ ኩፍኝ ገብቶ ልጆች ታመዋል። ቀጥሎ ያለው መንደር፣ ከሸምበቆው ማዶ ያለው ትልቁ መንደር፣ ገና አልተነካም ተባለ። ልጆቹን ቶሎ ካልከተብን ግን መነካቱ አይቀርም። ክትባቱ በበረዶ ታሽጎ ከናዝሬት፣ ከዛሬዋ አዳማ፣ መጣልን። የኛ ማቀዝቀዣ በላምባ የሚሠራ ነበር፤ ላምባ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ ክትባቱ እዚያው ዕለት፣ በረዶው ሳይቀልጥ ልጆቹ ክንድ ላይ መድረስ አለበት። በረዶው ከቀለጠ የያዝነው መድኃኒት ሳይሆን ውኃ ነው። ሣጥኑን ከሲስተር ጽጌ ብስክሌት ኋላ አሰርነውና ወጣን።

ፀሐዩ ይፋጅ ነበር። እሳቸው ዞር እያሉ በእጃቸው ሣጥኑን ይነካሉ፤ ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል። ፔዳሉን ሲረግጡ እኔ ልደርስባቸው አልቻልኩም። ሁለት ረግረግ መካከል ባለው ቀጭን ጉብታ ላይ ሲገቡ ከፊት ለፊታቸው አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲሄዱ ታዩኝ። ኦቦ በዳሶ ነበሩ፤ የዚያ የትልቁ መንደር ታላቅ ሽማግሌ። ነጭ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ለጁምዓ ሶላት እየሄዱ ነው። በዚያ ጉብታ ላይ ጎን ለጎን ማለፍ አይቻልም። ሲስተር ጽጌ ይወርዳሉ ብዬ ፍሬኔን ያዝኩ። አልወረዱም። ደወሉን ደወሉ።

ኦቦ በዳሶ ደንግጠው ዞሩ፤ ብስክሌቱ እየመጣ ነው። ወደ ጎን ሲሉ ረግረጉ እስከ ጉልበታቸው ዋጣቸው። ሲስተር ጽጌ በአጠገባቸው ሲያልፉ፣ ኮርቻ ላይ እንዳሉ «ይቅርታ አባቴ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው» ብለው ጮኹ፤ ዞረውም አላዩም። እኔ ስደርስ ወርጄ እጄን ሰጠኋቸው። ጭቃው አንድ ጫማቸውን አስቀርቶታል። ያን ነጭ ልብስ ተመለከቱ፤ በዚህ ልብስ ሶላት እንደማይቆም ለማንም ግልጽ ነው። ሶላቱን ትተው ወደ ቤታቸው አቀኑ። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ከሸምበቆው ወዲያ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

ወሬ ከጎማ ይፈጥናል። መንደሩ ስደርስ ሲስተር ጽጌ ግራሩ ሥር ዕቃቸውን ዘርግተዋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰብስበዋል። ወዲያው ከውኃ የመጡት ሴቶች ገቡ፤ ጆሮ ለጆሮ ተንሾካሾኩ። አንዷ ተነሥታ ሄደች። ሌላዋ ተከተለቻት። ጥቂት ቆይቶ ከግራሩ ሥር እኛና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቻ ቀረን። ሊቀ መንበሩ አብዮት ጥበቃዎቹን ልኮ በየቤቱ እንደሚያስወጣቸው፣ እኛም በግማሽ ሰዓት እንደምንጨርስ ነገረን። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ነበር። ሲስተር ጽጌ ግን መርፌውን መልሰው ጠቀለሉት።

«እናቱ ሳትፈቅድ የያዝኩት ክንድ፣ ነገ እኔን ሲያይ ይሸሻል» አሉ።

ወደ ኦቦ በዳሶ ቤት ሄዱ፤ ሰው የለም ተባሉ። ሰው ነበረ። ሣጥኑ ውስጥ የቀረውን ውኃ ራሳቸው ደፉት፤ መመለሻችን ላይ እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ነበርን፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ቅዳሜ ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው ናዝሬት ወጡ። የት የት ገብተው ማንን እንደ ለመኑ አላውቅም፤ ሰኞ ጧት አዲስ ክትባትና አዲስ በረዶ ይዘው ደረሱ። እንደገና በዚያው መንገድ ገባን። ጉብታው ጋ፣ ኦቦ በዳሶ ጭቃ ከገቡበት ቦታ ሲደርሱ ወረዱ። ሣጥኑን ፈተው ለእኔ አስታቀፉኝ። ከዚያ ያን ከባድ ብስክሌት ብድግ አድርገው፣ ወገቡን በትከሻቸው ላይ አሳርፈው ተሸከሙት። ላግዝዎ አልኩ፤ አልሰሙኝም። ምን ማድረግዎ ነው ብዬ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ያባቴ አገር ሰው የበደለውን ሲክስ ድንጋይ ይሸከማል። እኔን ያስበደለኝ ድንጋይ አይደለም፤ ይሄ ነው።»

ከዚያ እስከ መንደሩ ያለው መንገድ ለሸክም አጭር አይደለም። ሁለት ጊዜ ተንገዳገዱ፤ ፔዳሉ ጎናቸውን ቧጥጦ ነጩን ካፖርት አደማው። የአገሬው ሰው ይህን ልማድ አያውቀውም፤ የእነሱ የዕርቅ ሥርዓት ሌላ ነው። ነገር ግን ብስክሌት ሰውን ሲሸከም እንጂ ሰው ብስክሌትን ሲሸከም አይቶ የማያውቅ ሁሉ ነገሩ ገብቶታል። ሴቶቹ ከየቤቱ ወጥተው ከኋላችን ተከተሉ።

ኦቦ በዳሶ ከሁለት ሽማግሎች ጋር በራቸው ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሲስተር ጽጌ ከፊታቸው ቆሙ፤ ብስክሌቱን አላወረዱም፤ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው በመጨረሻ ዝግ ባለ አማርኛቸው ተናገሩ፦

«ብረቱን አውርጂው። ሸክም ያለበትን ሰው ሰላም አይሉትም።»

አወረዱት። ኦቦ በዳሶ ብድግ አሉና ሰላምታውን ጀመሩ። ዓርብ ያልተባለውን ሰላምታ በሙሉ፣ አንዲት ሳይዘሉ። እንዴት አደርሽ፣ ልጆችሽ፣ ባልሽ፣ የወንጂ ዘመዶችሽ፣ ከብት አላችሁ ወይ፣ ዝናብ እንዴት ነው። እኔ ሣጥኑን ታቅፌ ቆሜያለሁ፤ በረዶው እየቀለጠ ሆዴ ላይ ይወርዳል፤ ነፍሴ ልትወጣ ነው። ሲስተር ጽጌ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሣጥኑ አላዩም። «ነጋ፣ ገለታ ረቢ»፣ ደኅና፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እያሉ እያንዳንዱን መለሱ። እሳቸውም በተራቸው ጠየቁ። ሲያበቃ ኦቦ በዳሶ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ራሳቸው እጅጌውን ሰበሰቡለት። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ልጅ ሁሉ መጣ። የመጨረሻውን ልጅ ስንከትብ ሣጥኑ ውስጥ የቀረው በረዶ የእንቁላል ያህል ነበር።

አንድ ቤት ብቻ በሩ ዝግ ነበር። የወይዘሮ ሸሪፋ፣ በአገሬው አጠራር የአዴ ሸሪፋ ቤት። ትንሿ ልጃቸው ዘይቱና የት አለች ብለን ስንጠይቅ አጎቷ ዘንድ ሄዳለች ሲሉ እናትየው ከበሩ ወዲያ መለሱልን። በሁለተኛው ሳምንት ዘይቱና በኩፍኝ ሞተች።

ሲስተር ጽጌ ለቅሶ ሊደርሱ ብቻቸውን ሄዱ። በሴቶቹ መካከል ጥቂት ተቀምጠው፣ ከእናትየው ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ተመለሱ። ሲመለሱ እኔ በር ላይ ነበርኩ። ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው «ዓርብ ዕለት ወርጄ ቢሆን ኖሮ» አሉ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። በኋላ ብዙ ጊዜ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን አልጨረሱትም። ላጽናናቸው ሞክሬ ነበር። እንዲህ ቢሆን እንዲያ ቢሆን ማን ያውቃል አልኳቸው። አታባብለኝ አሉኝና ወደ ሥራቸው ገቡ።

ሲስተር ጽጌን በአዳማ ብቻ የምታውቋቸው «መቀመጫ የሌላቸው ሴትዮ» ስትሉ ሰምቻለሁ። እኔም ስቄያለሁ። ሰርግ ቤት ቆመው ይበላሉ፤ ለቅሶ ቤት ቆመው ያለቅሳሉ፤ «ኧረ አረፍ ይበሉ» ሲባሉ «አልፋለሁ» ይላሉ። ከበፊቱም ቀልጣፋ ነበሩ ብያለሁ። ነገር ግን ከዘይቱና በፊት የነበረው ቅልጥፍና የደስታ ነበር፤ አገዳ መካከል ስትሮጥ የነበረችው ልጅ እግር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የሚያሳድደው ነገር እንዳለ ሰው ቅልጥፍና ነው። ናዝሬት ከተዛወሩ በኋላም አስፋልቱ ላይ፣ ታክሲ ጡሩንባ እየነፋባቸው፣ ሽማግሌ ባዩ ቁጥር ከብስክሌታቸው መውረዳቸውን እናንተ ታውቃላችሁ። ወጣቱ ይስቅ ነበር። ሰላምታውን ሲጨርሱ ደግሞ የጠፋውን ጊዜ ለመመለስ እንደ ውድድር ይፈተልኩ ነበር። ልማድ ይመስላችሁ ነበር። ንስሐ ነው።

ወደ ባሕሩ ዳር በየዓመቱ ይወርዱ ነበር፤ መንገዱን ለአዳዲስ ነርሶች ለማሳየት። ወደ አዴ ሸሪፋ ቤት ግን አንድም ቀን አልገቡም። ለአዴ ሸሪፋ ልጆች ልብስ በሰው እጅ ይልኩ ነበር፤ የላከው ማን እንደ ሆነ እንዳይነገር እያሳሰቡ። ዓይኗን ማየት አልችልም ብለውኛል። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ስወርድ የመንደሩን አጥር ሲያዩ ወደ ሌላ መንገድ ታጠፉ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

አሁን ወደ ቀብሩ ልመለስ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ሁለት ረጃጅም የማላውቃቸው ወንዶች ቀድመው ሳጥኑን ተሸከሙ፤ ሌላው ሊቀይራቸው ሲል አልለቀቁም። ሁሉም የማን ልጆች ናቸው እያለ ይጠይቅ ነበር። በመቃብሩ ግቢ በር ላይ በነጭ ሻሽ የተሸፈኑ አሮጊት ቆመዋል። ቀርቤ ሳይ አዴ ሸሪፋ ናቸው። ከዝዋይ በሚኒባስ ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር መጥተዋል። አወቁኝ። እጄን ያዙና ሲያለቅሱ ቆይተው እንዲህ አሉኝ፤ ቃላቸውን ሳልለውጥ እጽፈዋለሁ፦

«ሲስተር ተቆጥታኛለች እያልኩ ነው የኖርኩት። ቤቴ የማትገባው ዋሽቻት ነው። ዘይቱና አጎቷ ጋ አልሄደችም። ቤት ውስጥ ተኝታ ነበር። ከዓርቡ በፊት ነው የታመመችው፤ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ላይ ወጥቶባት። ኩፍኝ ያለበት ቤት እንግዳ አይገባም ይባላል ብዬ ዘጋሁ። ሁለቱን ወንዶች ግን በጎረቤት እጅ ሰድጄ፣ እሷ ወግታቸዋለች። እነዚህ ናቸው።»

የቱ ዓርብ ነው አልኳቸው። ጆሮዬን አላመንኩትም። «ኦቦ በዳሶ ጭቃ የገቡበት ዓርብ ነዋ» አሉኝ። «ሐሙስ ነው የወጣባት። ሲስተር ይህን አታውቅም ነበር እንዴ? ነርስ አይደለች?»

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በሕክምና ያለፋችሁ ታውቃላችሁ፤ ላላለፋችሁት ልንገራችሁ። ክትባት ኩፍኝ የወጣባትን ልጅ አያድንም። ሲስተር ጽጌ ዓርብ ዕለት ቢወርዱም ባይወርዱም፣ ቢደርሱም ባይደርሱም፣ ያቺ ልጅ ከእጃቸው አልፋ ነበር። አንዷ ዋሸሁ ብላ፣ አንዷ ዘገየሁ ብላ፣ ሁለት ሴቶች ባንድ መንደር አጥር ግራና ቀኝ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ አረጁ። አንድ ኩባያ ውኃ የሚያስጠጣ ያህል ጊዜ አብረው ቢቀመጡ ያልቅ የነበረ ነገር!

ያን እንደ ሰማሁ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ልነግራቸው ዞርኩ። በእውነት ዞርኩ፤ «ሲስተር» ብዬ አፌን ከፍቼ። ካህናቱ ፍትሐት እየጨረሱ ነበር፤ አፈሩ መውረድ ጀምሯል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እንግዲህ የማልቀመጠው። ለማን ልንገረው? ለልጆቻቸው ነገርኩ፤ አለቀሱ፤ አመሰገኑኝ፤ እኔን ግን አላሳረፈኝም። ቃሉ የእነሱ አይደለም።

ሲስተር፣ እስካሁን ስለ እርስዎ ለሰዎች ስናገር ቆየሁ፤ አሁን ከእርስዎ ጋር ነኝ። የሚሰሙኝ መሆኑን አላውቅም፤ ካህኑ ሙታን ይሰማሉ ብለውኛል፤ እኔም ዛሬ በካህኑ ቃል መጽናት እፈልጋለሁ። አታባብለኝ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ማባበል አይደለም፤ እናትየው ራሳቸው የተናገሩት ነው፤ ልጆቻቸውም አጠገባቸው ቆመው ሰምተዋል። ዘይቱና ከሐሙስ ጀምሮ ታማ ነበር። ወንድሞቿን እርስዎ ከትበዋቸዋል፤ ባለፈው ማክሰኞ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ማረፊያዎ ያደረሱዎት እነሱ ናቸው። አዴ ሸሪፋ አልተቀየሙዎትም፤ እርስዎን ፈርተው ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ በላት ብለውኛል፤ አድርሻለሁ።

ያን ሁሉ ዘመን ያልጨረሱትን ዓረፍተ ነገር እኔ ልጨርስልዎት። ዓርብ ዕለት ወርደው ቢሆን ኖሮ፣ ሲስተር፣ ዘይቱና ያው ትሞት ነበር።

አልዘገዩም።